የሊኑክስ ጌም በአዲስ አበባ ዳርቻ

ሊኑክስ በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ሲስተም ላይ ጌም መጫወት ዛሬ በአብዛኛው ለዊንዶውስ የተሠራን ጌም ያለ ዊንዶውስ ማስኬድ ነው። ለሊኑክስ በቀጥታ የተዘጋጁ ጌሞች አሉ፤ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ዶታ 2 እና የጃቫው ማይንክራፍት ከነዚህ ይቆጠራሉ። የቀረው ብዙኃኑ ግን የሚሠራው በመካከል በገባ የትርጉም ሶፍትዌር አማካኝነት ነው።

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በገላን፣ በሱሉልታ ወይም በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ያለው ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው። ኢንተርኔቱን በጥቅል ይገዛል፤ መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ስለዚህ ከፕሮሰሰሩ ጉልበት በፊት መታየት ያለባቸው የግራፊክስ ካርዱ ዕድሜ፣ ጌሙ የተሸከመው አንቲ ቺት (ማጭበርበርን የሚከላከል ሶፍትዌር) እና ጊጋባይቱ ቤት የሚደርስበት መንገድ ናቸው።

አመጣጡ

የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ዋይን የተባለው ሶፍትዌር የተጀመረው በ1993 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋይን ሌላ ኮምፒውተርን አስመስሎ አይሠራም፤ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን ጥያቄ ተቀብሎ በሊኑክስ መንገድ ይመልሳል። ፍጥነቱ ብዙም የማይጎዳውም ለዚህ ነው። ለረጅም ዓመታት ያነቀው የግራፊክሱ ክፍል ነበር። የጌም ኩባንያው ቫልቭ ስቲም የተባለውን የጌም መሸጫና ማስነሻ ፕሮግራሙን በየካቲት 2013 ለሊኑክስ አወጣ፤ በኅዳር 2015 ስቲም ማሽን የተባሉ ኮምፒውተሮችን ለገበያ አቀረበ፤ ነገር ግን በወቅቱ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ጌም ጥቂት ስለነበር ሳይያዙ ቀሩ።

ለውጡ የመጣው በ2016 ከወጣው ቩልካን ከተባለው የግራፊክስ ቋንቋ በኋላ ነው። ዲኤክስቪኬ የተባለው ሶፍትዌር የዊንዶውስ ግራፊክስ ቋንቋ ከሆነው ከዳይሬክት3ዲ 8 እስከ 11 ያለውን ትእዛዝ ወደ ቩልካን ይመልሳል፤ ለዳይሬክት3ዲ 12 ቪኬዲ3ዲ ፕሮቶን አለ። ቫልቭ እነዚህን ከዋይን ጋር አዋሕዶ በነሐሴ 2018 ፕሮቶን ብሎ አወጣና ስቲም ውስጥ አስገባው። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ከመጫን ሌላ የሚያደርገው ነገር አልቀረም። በየካቲት 2022 መጨረሻ በሊኑክስ የሚሠራው በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን ስቲም ዴክ ሲሸጥ ጌም ሠሪዎች ሊኑክስን ቸል ማለት ከበዳቸው፤ በጥቅምት 2025 በስቲም የዳሰሳ ቁጥር ሊኑክስ ለመጀመሪያ ጊዜ 3 በመቶን አለፈ።

ማሽኑ

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 14 ቀን 2025 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የ6ኛ እና የ7ኛ ጄኔሬሽን ማሽኖች ከዚህ መስመር በታች ቀርተዋል። ጤነኛ የሆነ ኮር አይ5 ለመጣያ የሚበቃበት አንዳችም ምክንያት የለም፤ ሊኑክስ እዚህ ዳርቻ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራውም በእነዚህ ማሽኖች ነው።

6ኛ ጄኔሬሽን እውነተኛ ድንበር ነው። ከኅዳር 2022 ጀምሮ ያለው ዲኤክስቪኬ 2 ቩልካን 1.3 ይፈልጋል። የ6ኛው ጄኔሬሽን ውስጠ ግንብ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው) ግራፊክስ ይህን ያሟላል፤ የ4ኛው አያሟላም። ምልክቱ አሳሳች ነው፦ “ተጫወት” ሲባል ቁልፉ ይለወጥና ከሰከንዶች በኋላ ያለ ምንም መልእክት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብዙ ሰው ጌሙን አጥፍቶ እንደገና ያወርዳል፤ ዳታውም ከንቱ ይቀራል። መፍትሔው በጌሙ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ከፍቶ ፕሮቶን 7ን መምረጥ ነው፤ እሱ የያዘው የቀድሞውን ዲኤክስቪኬ 1.10 ስለሆነ አሮጌ ካርድ ይቀበላል። አብዛኞቹ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 600 እና 700 ካርዶችም እዚሁ ችግር ውስጥ ናቸው፤ የመጨረሻ ድራይቨራቸው (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) 470 ነው፤ ከቩልካን 1.2 አያልፍም። ጂቲኤክስ 750 እና 750 ቲአይ ግን በስም 700 ይሁኑ እንጂ የተሠሩት በቀጣዩ ትውልድ ቺፕ ነውና ከዚህ ነጻ ናቸው።

ከመግዛት በፊት ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ይዞ ሄዶ ማሽኑን ከፍላሹ ማስነሳት ይበጃል። ቩልካንኢንፎ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም የካርዱን ስምና የቩልካኑን ቁጥር ያሳያል። በካርዱ ስም ቦታ ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚል ብቻ ከወጣ ግራፊክሱን እየሠራ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ድራይቨሩ አልተጫነም ወይም ካርዱ አይደገፍም ማለት ነው።

ካርድ ሳይጨመርበት በውስጠ ግንብ ግራፊክስ የሚሠራ ማሽን ላይ ትልቁን ልዩነት በትንሽ ወጪ የሚያመጣው ራም ነው። ውስጠ ግንቡ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፤ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ከሚሰካ ሁለት ባለ 4 ቢሰኩ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ የጌሙም ፍጥነት በግልጽ ይጨምራል። ሻጮች ግን አንዱን ሰክተው መስጠት ይቀናቸዋል።

ካርድ መጨመር የሚፈልግ ሰው የሳጥኑን ስፋትና ፓወር ሰፕላዩን አስቀድሞ ይይ። ቀጭኖቹ ኦፕቲፕሌክሶች ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ይቀበላሉ፤ ተጨማሪ የካርድ ገመድም የላቸውም፤ ካርዱ የሚያገኘው ከማዘርቦርዱ መሰኪያ የሚወጣውን 75 ዋት ብቻ ነው። የሚስማሙት አጭሩ ጂቲኤክስ 1650፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 ናቸው። የመጨረሻው ከማዘርቦርዱ ጋር በአራት የመረጃ መስመር ብቻ የሚገናኝ በመሆኑ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ከአቅሙ ይጎድላል። ሰፊ ሳጥንና በቂ ፓወር ላለው ሰው ያገለገለ አርኤክስ 570 ወይም 580 ጥሩ ግዢ ነው፤ የኤኤምዲ ድራይቨር ከሊኑክሱ ጋር ስለሚመጣ ምንም ማውረድ አያስፈልግም።

አጫጫኑ

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ ለጀማሪ ሊኑክስ ሚንት ይሻላል። ባዛይት ለጌም ተብሎ የተዘጋጀና ስቲምን አብሮ የያዘ ነው፤ ነገር ግን ዝማኔው የመላ ሲስተሙ ምስል ሆኖ ስለሚመጣ ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይከብዳል። የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል፤ አንዴ የወረደው ፋይል ለሰፈሩ ሁሉ ያገለግላል።

ኤንቪዲያ ካርድ ያለው ማሽን ላይ ከመጫን በፊት ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ሴኪዩር ቡት የተባለውን የማስነሻ ጥበቃ መዝጋት ራስ ምታት ያድናል። ክፍት ከሆነ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ ያንኑ ቃል የሚጠብቅ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ያን ገጽ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራለትም። ድራይቨሩ ራሱ የሚጫነው ከሚንት ድራይቨር ማናጀር እንጂ ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ በሚወርድ ፋይል አይደለም፤ በዚያ የተጫነ በሚቀጥለው የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ዝማኔ ሊበላሽ ይችላል።

ስቲምን በሚንት መደበኛ የመጫኛ ፋይል፣ በዴብ ፓኬጅ መጫን ይመረጣል። ኡቡንቱ የተባለው ሌላው ሊኑክስ የሚጠቀምበት የስናፕ ቅጂ ብዙ ችግር ስላስከተለ የቫልቭ ባለሙያዎች ራሳቸው እንዳይወሰድ መክረዋል፤ ፍላትፓክ የተባለው ሌላው ዓይነት ቅጂ ደግሞ ይሠራል፣ ግን የኤንቪዲያ ድራይቨር ሌላ ቅጂ ለራሱ ያወርዳል።

ጌም የሚቀመጥበት ዲስክ ፎርማት የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ይሁን። ከዊንዶውስ የቀረ ኤንቲኤፍኤስ ክፍልፍል ላይ ጌሙን ማስቀመጥ የሚያጓጓ ቢሆንም ፕሮቶን በስሙ ውስጥ ሁለት ነጥብ (:) ያለበት አቃፊ ይፈጥራል፤ ኤንቲኤፍኤስ ላይ ይህ ስም ጥፋት ያመጣል፤ ጌሙ አይነሳም፣ ዲስኩም ስሕተት ያሳያል።

ዳታው

ካውንተር ስትራይክ 2 በስቲም ገጹ ላይ 85 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ ዶታ 2 60። ይህን በሞባይል ጥቅል ማውረድ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ እዚህ ዳርቻ ላይ ጌም የሚዘዋወረው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ጓደኛ ጋ ካለው ማሽን፣ ስቲምአፕስ ከተባለው አቃፊ ውስጥ ኮመን የሚለውን ከፍቶ የጌሙን አቃፊ መቅዳት፤ በራስ ማሽን ላይ በተመሳሳዩ ቦታ ማኖር፤ ከዚያ በራስ አካውንት፣ ጌሙ የራስ ሆኖ ሳለ፣ ኢንስቶል ማለት። ስቲም ያለውን ፋይል ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ አቃፊው ከዊንዶውስ ማሽን የተቀዳ ከሆነና ጌሙ የሊኑክስ ቅጂም ካለው ስቲም የዊንዶውሱን ፋይል ጥሎ የሊኑክሱን ሊያወርድ ይሞክራል። ኢንስቶል ከማለት በፊት ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ፕሮቶንን በግድ መምረጥ ይህን ያስቀራል። ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ራውተር ከተገናኙ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ስቲም ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀዳል፤ ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ መሆን አለባቸው፣ ግን ጌሙ የሚሄደው በቤቱ ኔትወርክ ነው። ማስተላለፉ ለጓደኛ የተፈቀደ መሆኑን በሴቲንግስ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በራስ አካውንት መካከል ብቻ ይሠራል።

ጊጋባይት በስውር የሚበሉም አሉ። ፕሮቶንና አብሮት የሚመጣው ሬንታይም (ጌሙ ለመሥራት የሚደገፍባቸው ፋይሎች) ብዙ መቶ ሜጋባይት ናቸው፤ የሼደር (ምስሉን የሚሥሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ቅድመ ዝግጅትም በየጊዜው ያወርዳል። ዳውንሎድስ በሚለው ገጽ ላይ የሼደሩን መዝጋት፣ የዝማኔውንም ሰዓት የሌሊት ጥቅል ወደሚሠራበት መወሰን ይቻላል። ሼደሩ ሲዘጋ ጌሙ አዲስ ቦታ በገባ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ሊንተፋተፍ ይችላል፤ ሲደጋገም ይለቃል። ኢንተርኔት ከመቋረጡ በፊት እያንዳንዱን ጌም ቢያንስ አንድ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ግዴታ ነው፤ ይህ ካልተደረገ በኦፍላይን ሞድ ላይነሳ ይችላል።

ክፍያው በዶላር በመሆኑ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል፤ ለብዙ ወጣት የመጀመሪያው ግድግዳ ይህ ነው። ሱፐርታክስካርት፣ 0 ኤ.ዲ.፣ ኦፕንቲቲዲ እና ዌስኖዝ ነጻ ናቸው፤ ከሚንት ሶፍትዌር ማናጀር ይጫናሉ፤ ያለ ኢንተርኔትም በአንድ ራውተር ላይ ከጎረቤት ጋር ያጫውታሉ። ሱፐርታክስካርት በአንድ ስክሪን ላይ ለብዙ ሰው ስለሚከፈል ለልጆች ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

በሱቅ የሚጫኑት የተሰበሩ (ክራክ የተደረጉ) ጌሞች ሊኑክስ ላይ ሌላ ጣጣ አላቸው። ዋይን አጥር አይደለም፤ የዊንዶውስ ቫይረስ በዋይን ውስጥ ተነስቶ የቤት አቃፊውን ፋይል ሊያነብና ሊቆልፍ ይችላል። ቫይረስ ሊኑክስን አይነካም የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያሳስታል።

ኳስና አንቲ ቺት

የሰፈር ጌም ቤት ማለት በአብዛኛው ፕሌይስቴሽንና ኳስ ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ በቀላሉ የማይገባበትም ይኸው ኳስ ነው። ከፊፋ 23 ጀምሮ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የራሱን አንቲ ቺት አስገብቷል፤ ኢኤ ኤፍሲ 24 እና 25 ሊኑክስ ላይ አይነሱም፣ ከጓደኛ ጋር ቤት ውስጥ ለመጫወት ቢሆንም እንኳ። ከዚያ በፊት የወጡት የኳስ ጌሞች ብዙዎቹ ይሠራሉ።

ምክንያቱ የትርጉም ድክመት አይደለም። እንዲህ ያለው አንቲ ቺት በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ቁጭ ብሎ መላ ማሽኑን ማየት ይፈልጋል፤ በፕሮቶን ሥር ያ ከርነል የለም። ኢዚ አንቲ ቺት እና ባትልአይ ከ2021 ጀምሮ ለፕሮቶን መንገድ ከፍተዋል፤ ሆኖም ፈቃዱ የጌሙ ባለቤት ነው፤ ብዙዎች አልፈቀዱም። ፎርትናይት፣ ቫሎራንት እና አዲሶቹ ኮል ኦፍ ዲዩቲዎች አይሠሩም። አፔክስ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፤ በጥቅምት 2024 መጨረሻ ለሊኑክስ ተዘጋ። ጂቲኤ 5 ለብቻ ሲጫወቱት ይሠራል፤ ኦንላይኑ ከመስከረም 2024 ወዲህ አይቀበልም። ማንኛውንም የኦንላይን ጌም ከመግዛት በፊት “ፕሮቶንዲቢ” እና “አር ዊ አንቲ ቺት ዬት” የተባሉትን ድረ ገጾች ማየት ያስፈልጋል።

ጆይስቲኮቹ ብዙም አያስቸግሩም። የፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አለ። ተመሳስሎ የተሠራው ርካሹ ጆይስቲክ ግን አንዳንዴ ከርነሉ የሚጠይቀውን መረጃ ስለማይመልስ አይታወቅም፤ ሲገዛ በራስ ማሽን ላይ መሞከር ነው።

መብራት

ኢኤክስቲ4 መብራት ድንገት ቢጠፋም ዲስኩን ራሱን በአብዛኛው ያድናል። የሚበላሸው በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ነው። ጌም ከሆነ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ያለው ቬሪፋይ የተጎዳውን ለይቶ ያን ብቻ ያወርዳል። የሲስተም ዝማኔ ላይ ከጠፋ ጥገናው በተርሚናል የተጀመረውን የፓኬጅ ጭነት ማስጨረስ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ታይምሺፍት በተባለው የሲስተም መጠባበቂያ ፕሮግራም ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመለሳል፤ ታይምሺፍቱ ግን አስቀድሞ መከፈት አለበት። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ጨዋታውን ለመጨረስ ሳይሆን በወጉ ለመዝጋት ይበቃል።

ወደፊት

በ2025 የወጣው ከርነል 6.14 ኤንቲሲንክ የተባለ ክፍል ይዟል፤ የዊንዶውስ ጌሞች ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲያካሂዱ የሚጠባበቁበትን መንገድ ከርነሉ ውስጥ ይሠራል፤ ጥቅሙ በብዛት የሚታየው ፕሮሰሰሩን በሚያጨናንቁ ጌሞች ላይ ነው። ቫልቭ በኅዳር 2025 አዲስ ስቲም ማሽንና ስቲም ፍሬም የተባለ የራስ ላይ መነጽር አስታውቋል፤ መነጽሩ በአርም ቺፕ የሚሠራ ሲሆን ፌክስ የተባለው ሶፍትዌር የተለመዱትን የኮምፒውተር ጌሞች ለዚያ ቺፕ ይተረጉማል።

ለዳርቻው ተጫዋች ቅርቡ ጉዳይ ግን የአሮጌ ካርድ ዕድሜ ነው። ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 900 እና 1000 ካርዶች የመጨረሻው የድራይቨር መስመር 580 እንዲሆን ወስኗል፤ 750 ቲአይም አብሮ ተካቷል። እነዚህ ካርዶች ዛሬ በደንብ ይሠራሉ፤ ነገር ግን የ470ዎቹ ታሪክ እንደሚያሳየው ድራይቨሩ በቆመበት ቦታ ቩልካኑም ይቆማል፤ አንድ ቀን አዲስ ዲኤክስቪኬ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የኤኤምዲ አርኤክስ 500 ካርዶች ድራይቨር በአንጻሩ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ኩባንያው ቢተወውም ሌሎች ሲያድሱት ቆይተዋል። ዋጋቸው ሲቀራረብ፣ ሳጥኑና ፓወሩ ከፈቀደ፣ የኤኤምዲውን መውሰድ ይሻላል።