ጆን ራስል፦ የአፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ሲደርስ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው መኳንንት

አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጥቶ መቅረቱን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ደብዳቤው ለንደን ሲገባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን እንደነበር ግን እምብዛም አይወራም። ጆን ራስል ይባላል። በአገሩ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ፣ ለመብት ታገለ ተብሎ የሚመሰገን ትልቅ ፖለቲከኛ ነው። ይህን ሰው በደንብ ማወቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራስል በ1792 ለንደን ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ ከእንግሊዝ ታላላቅ ባለርስቶች አንዱ ነው፤ አባቱ በኋላ የቤድፎርድ መስፍን ሆኗል። ጆን ሦስተኛ ልጅ ስለነበር ማዕረጉም ርስቱም ለታላቅ ወንድሙ ነው የሚሄደው። ይህ ለፖለቲካው ጠቅሞታል። የመስፍን ልጅ ስለሆነ «ሎርድ» ይባላል እንጂ በመሳፍንቱ ምክር ቤት ወንበር የለውም፤ ስለዚህ ተመርጦ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት መቀመጥ ቻለ። ያለጊዜው የተወለደ፣ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ደቃቃ፣ ቶሎ ቶሎ የሚታመም ልጅ ነበር። በትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተማረ፣ ዲግሪ ግን አልያዘም። በ1814 መጨረሻ ላይ ኤልባ ደሴት ድረስ ሄዶ በግዞት ላይ የነበረውን ናፖሊዮንን አነጋግሯል።

ፓርላማ የገባው በ1813 ነው፤ ገና 21 ዓመት እንኳ አልሞላውም። የተመረጠበት ታቪስቶክ የሚባለው ከተማ በአባቱ እጅ ያለ ስለነበር ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም። ልብ በሉ፤ በዚህ ዓይነት የገባ ሰው ነው በኋላ ሥርዓቱን ለማፍረስ የተነሳው።

ያኔ የእንግሊዝ ምርጫ ምን ይመስል ነበር? ኦልድ ሳረም የሚባለው ቦታ ነዋሪ የሌለው ኮረብታ ሆኖ ሳለ ሁለት እንደራሴ ይልካል። በፋብሪካ የተሞሉት ማንቸስተርና በርሚንግሃም ደግሞ የራሳቸው አንድም ወኪል የላቸውም። የመምረጥ መብት ያለው ጥቂት ወንድ ብቻ ነው፣ ድምፅ የሚሰጠውም በአደባባይ ስለሆነ ባለርስቱ ማን ማንን እንደመረጠ ያያል።

ራስል በ1828 አንድ ትልቅ ነገር አሳካ። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ፕሮቴስታንቶችን ከመንግሥት ሥልጣን የሚያግደው የቆየ ሕግ እንዲሻር ሐሳብ አቅርቦ አሸነፈ። ከዚያ ማርች 1 ቀን 1831 የምርጫ ማሻሻያ ረቂቁን ይዞ ምክር ቤቱ ፊት ቆመ። የሚሰረዙትን የምርጫ ቦታዎች አንድ በአንድ ስማቸውን ሲያነብ ተቃዋሚዎቹ ማመን አቅቷቸው ይስቁ ነበር። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ረቂቁ 302 ለ301 አለፈ። በአንድ ድምፅ ማለት ነው! ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ በጥቅምት የመሳፍንቱ ምክር ቤት ጣለው፣ ብሪስቶል ውስጥ ብጥብጥ ተነሳ፣ ኖቲንግሃም ላይ የአንድ መስፍን ግንብ ተቃጠለ። ሕጉ የጸደቀው በ1832 ነው። 56 ቦታዎች ወኪል የመላክ መብታቸውን አጡ፣ ትልልቆቹ የኢንዱስትሪ ከተሞች ወንበር አገኙ።

ይሁን እንጂ ሕጉ ሠራተኛውን ውጭ ጥሎታል። መራጭ «ወንድ» መሆን እንዳለበት በግልጽ የተጻፈውም በዚሁ ሕግ ነው። ራስል ራሱ ከዚህ በላይ አንሄድም ዓይነት ንግግር በማድረጉ «የመጨረሻው ጃክ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል (ጃክ የጆን ማቆላመጫ ነው)። በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ደጋግሞ አዲስ ማሻሻያ ለማምጣት ሞክሯል፤ ይህን ልነፍገው አልፈልግም። ከ1835 ጀምሮ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ የሞት ፍርድ የሚያስከትሉ ወንጀሎችን ቁጥር በብዙ እንዲቀነስ አድርጓል።

በ1846 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በሥልጣን በቆየባቸው ዓመታት የሴቶችንና የወጣቶችን የፋብሪካ ሥራ በቀን 10 ሰዓት የሚገድበው ሕግና የ1848ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ ወጥተዋል። ዘመኑን ያጠቆረው ግን የአየርላንድ ረሃብ ነው። ድንቹን በሽታ መታው፤ ድሃው ደግሞ የሚበላው ድንች ብቻ ነበር። የራስል መንግሥት በመጀመሪያ ረሃብተኛውን መንገድ ሥራ ላይ አሰማርቶ ደሞዝ ሊከፍል ሞከረ፤ የተራበ ሰው ድንጋይ ሲፈልጥ አስቡት። በ1847 የሾርባ ማደያዎች ተከፈቱና በቀን ወደ 3 ሚሊዮን ሰው መገቡ። ይህ የሠራ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ተዘጋ! ሸክሙ በሙሉ በአየርላንድ ግብር ከፋዮች ላይ ይውደቅ ተባለ። እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደ ውጭ መጫኑም አልቆመም። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አለቀ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ራስል በፓርላማው አብላጫ ድምፅ አልነበረውም፣ ግምጃ ቤቱም ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል በሚል እምነት የተያዘ ነበር። ቢሆንም ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሱ ነው፣ ተጠያቂነቱም የእሱ ነው። የራሳችንን የረሃብ ዓመታት የምናስታውስ ሰዎች ይህን ምዕራፍ በቀላሉ አናልፈውም።

በ1852 ከሥልጣን ወረደ። ከ1859 እስከ 1865 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፤ በመሃሉ በ1861 የኧርልነት ማዕረግ ተሰጥቶት ወደ መሳፍንቱ ምክር ቤት ተዛወረ። የጣሊያንን አንድነት በመደገፉ ተወድሷል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ደግሞ አላባማ የምትባል የደቡቦቹ የጦር መርከብ ከእንግሊዝ ወደብ ስትወጣ ሳያስቆማት ቀረ፣ አገሩም ኋላ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለች።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤውን የጻፉት በ1862 መጨረሻ ላይ ነው። ወዳጅነት ይፈልጋሉ፣ መልክተኛ መላክ ይፈልጋሉ፣ ቱርኮች መንገድ ስለዘጉባቸው መልክተኞቹ በደህና የሚያልፉበት ዘዴ እንዲፈለግ ይጠይቃሉ። የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ደብዳቤውን በሰው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ልኮ እሱ ወደ ሱዳን ድንበር ሄደ። ደብዳቤው በየካቲት 1863 ለንደን ገባ። መልስ የሚባል ነገር የለም። ራስል ለካሜሮን ያስተላለፈው ትእዛዝ ወደ ምጽዋ ተመለስ፣ በሐበሻ ጉዳይ ጣልቃ አትግባ የሚል ነበር። እርግጥ ነው በዚያ ዓመት ፖላንድ አመፅ ላይ ናት፣ አሜሪካ ጦርነት ላይ ናት፤ እንግሊዝ ከቱርክና ከግብፅ ጋር ያላትን ወዳጅነትም ማበላሸት አልፈለገችም። ግን አንድ ንጉሠ ነገሥት ለጻፈው ደብዳቤ ሁለት መስመር መመለስ ምን ያህል ይከብዳል? እኔ ይህን ንቀት ነው የምለው።

በጥር 1864 ካሜሮን ታሰረ። ያኔ ነው ለንደን የነቃችው። በንግሥቲቱ ስም መልስ ተጻፈ፣ ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል መልክተኛ ይዞት እንዲሄድ ተላከ። ራሳም ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቆ አፄ ቴዎድሮስን ያገኘው በጥር 1866 ነው፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ እሱም ታሰረ። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓልመርስተን ሞቶ ራስል ለሁለተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ነበር። የናፒየርን ጦር የላከው ግን የእሱ መንግሥት አይደለም። በ1866 ሰኔ ላይ ያቀረበው አዲስ የምርጫ ማሻሻያ ወድቆበት ሥልጣን ለቀቀ፣ መቅደላ ስትወድቅ በሚያዝያ 1868 አገሪቱን ይመሩ የነበሩት ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው።

የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው ሪችመንድ ፓርክ ውስጥ ባለው ፔምብሮክ ሎጅ ነው፤ ቤቱን ንግሥት ቪክቶሪያ ናት የሰጠችው። ፈላስፋው በርትራንድ ራስል የልጅ ልጁ ሲሆን ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት እዚያው ቤት አደገ። ጆን ራስል ግንቦት 28 ቀን 1878 በ85 ዓመቱ ሞተ። በዌስትሚንስተር ገዳም ይቀበር ቢባልም በኑዛዜው መሠረት ቼኒስ በሚገኘው የቤተሰቡ መቃብር ተቀበረ። ፔምብሮክ ሎጅ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው፣ ሻይ ቤትም አለው፤ ለንደን ያላችሁ ልጆች ይዛችሁ ብትሄዱ ግቢው ሰፊ ነው።