«2 ሌሊት 3 ቀን» ምንድን ነው? ከጎንደር ተነሥቶ ሞምባሳን አይቶ ለመመለስ

ስለ ኬንያዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በወጣ የጉዞ ወኪሎች ማስታወቂያ ላይ «ሞምባሳ፦ 2 ሌሊት 3 ቀን» የሚለውን ያየ ሰው በሐሳቡ ሦስት ሙሉ ቀን አሸዋ ላይ ይዘረጋል። አቆጣጠሩ ግን ሌላ ነው። 2 ሌሊት ማለት ሆቴል ሁለት ጊዜ ማደር ነው። 3 ቀን የሚባለው ደግሞ የሚገባበትም የሚወጣበትም ቀን እንደ ሙሉ ቀን ስለሚቆጠር ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሆቴል የደረሰ ተጓዥ አንደኛው ቀን አልፎለታል፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ክፍል ሲያስረክብም ያ ጠዋት እንደ ቀን ተቆጥሮበታል። ሻጩ አላታለለም፤ የሙያው ልማድ ነው። ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ግን ቀኑን ትቶ ሰዓቱን መቁጠር አለበት።

ከጎንደር የሚነሣ ሰው ደግሞ ይህን ከሌላው ይልቅ ሊያስብበት ይገባል፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከመድረሻው ከተማ እንጂ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ካለበት ከአዘዞ አይደለም። ወደ ሞምባሳ የሚኬደው በአዲስ አበባ በኩል ነው። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከቦሌ እስከ ሞምባሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበረራል። ጊዜ የሚበላው በረራው ሳይሆን መጠበቁ ነው፤ ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት፣ ለውጭ አገር በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ያስፈልጋል። የሁለቱ በረራዎች ሰዓት ካልተገጣጠመ አዲስ አበባ ማደር ይመጣል፤ በመሄጃም በመመለሻም ከሆነ የሁለት ሌሊቱ ጉዞ አራት ሌሊት ሆነ ማለት ነው። ይህን አዳር ከወኪሉ የተገዛው የጉዞ ጥቅል አይከፍልም። በየብስ አዲስ አበባ ለመግባት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ ለአጭር ጉብኝት የሚታሰብ አይደለም።

ትኬቱ ከጎንደር እስከ ሞምባሳ በአንድ ቦታ ማስያዣ ቁጥር ይቆረጥ። በክረምት ደመናው ሲወርድ የጎንደር በረራ ሊዘገይ ይችላል። ትኬቱ አንድ ከሆነ ያመለጠውን ቀጣይ በረራ መተካት የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ለየብቻ በተቆረጡ ሁለት ትኬቶች ከሆነ ግን ሁለተኛው «ተሳፋሪው አልተገኘም» ተብሎ ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜ የመመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። ለየብቻ መቁረጥ ጥቂት ብር ያተርፍ ይሆናል፤ ሲከስር ግን ሙሉውን ነው።

ሰዓት ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ደግሞ ለኛ የተለየ ነው። ትኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። «ማክሰኞ 00:40» የሚል በረራ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። ቦሌ መድረስ የሚገባው ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ነው፤ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው በረራው ካለፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ኬንያ ከደረሱ በኋላ ነገሩ ይቀላል፤ አገሮቹ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ያለ ሾፌር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። ያው ሾፌር በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር፣ ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው እንደተናገረ ማረጋገጥ ያሻል።

እንግዲህ ለጉብኝት የሚተርፈው ስንት ነው? ግማሽ ቀንን መለኪያ ማድረግ ይሻላል። ቀትር ላይ ደርሶ በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ለሚነሣ ሰው ያሉት አራት ግማሽ ቀኖች ናቸው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደግሞ ቁራጭ ናቸው። ሆቴሎች ክፍል የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ በረራው ከመነሣቱ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ቀድሞ ጉዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መጀመር አለበት። ለአንድ ግማሽ ቀን አንድ ትልቅ ነገር ይበቃል። ሁለት የደረደረ ሰው ሁለቱንም ከመኪና መስኮት ያያል። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ያለውም ለእግር ጉዞ አይሆንም፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱም ይከብደዋል። ላብ አይደርቅም። ያ ሰዓት ለምሳና ለዕረፍት ይተው።

የባሕሩን ሰዓት የሚወስነው ተጓዡ አይደለም። ጎርጎራ ላይ ጣናን ላየ ሰው ውኃው ጠዋትም ማታም ያው ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚለው በወቅት ነው። ውቅያኖሱ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ አለ፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ያን ጊዜ ከከተማዋ በስተሰሜን ባሉት በኒያሊና በባምቡሪ ዳርቻ ውኃው እጅግ ርቆ ይሸሽና ድንጋይ፣ የባሕር ሣርና ኩሬ ይቀራል። ለመራመድና ትናንሽ ፍጥረቶችን ለማየት ደስ ይላል፤ ለመዋኘት ግን አይሆንም። ድንጋዩ ላይ ጥቁር፣ እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ ፍጥረት አለ፤ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር ባዶ እግር መሄድ አይገባም። የሞምባሳ የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ስለሚገኝ፣ ሆቴል ከመያዙ በፊት የእነዚያን ሦስት ቀኖች ማየት ነው። ሙላቱ ጠዋት ከሆነ ጠዋቱ ለባሕር፣ ከሰዓት ለከተማ ይሁን፤ ከሰዓት ከሆነም ይገለበጥ። ዳርቻው ወደ ምሥራቅ የዞረ ስለሆነ ከውኃው ላይ የሚታየው የፀሐይ መውጣት እንጂ መግባት አይደለም፤ ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ዳርቻው ላይ መገኘት ነው።

ከከተማው አንድ ነገር ብቻ ይመረጥ ከተባለ ፎርት ጂሰስ ነው፤ ለጎንደሬ ደግሞ ይበልጥ ትርጉም አለው። ፖርቱጋሎች ይህን ምሽግ ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. ሠሩት፤ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አሉ፤ የፋሲል ግቢ በ1979፣ ፎርት ጂሰስ በ2011 እ.ኤ.አ. ገቡ። ግን አንዱ ቤተ መንግሥት፣ ሌላው የመድፍ ምሽግ ነው። የፎርት ጂሰስ ግንብ ኮራል የሚባለው፣ ከባሕር ፍጥረት ቅሪት የሚፈጠር ድንጋይ ነው፤ ማዕዘኖቹ ወደ ውጭ የወጡት ከግንቡ ሥር የተጠጋን ጠላት ከጎን ለመምታት ነው። ኦማኖች በ1696 ከብበው በ1698 ያዙት፤ እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አድርገውት ነበር። ለማየት ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል መግባት ከሙቀቱም ከቡድን ጎብኚውም ያድናል። ከዚያ በእግር ወደ አሮጌው ከተማ ይገባል፤ የተቀረጹ የእንጨት በሮችና ሰገነቶች ያሉበት ጠባብ መንገድ ነው። ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ተገቢ ነው፤ ዓርብ ቀትር ላይ ብዙ ሱቅ ይዘጋል።

ሃለር ፓርክ ለከሰዓት ይሆናል። ባምቡሪ አጠገብ የሲሚንቶ ድንጋይ ተቆፍሮ የተራቆተ ቦታ ነበር፤ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛፍ እየተተከለበት ዛሬ ቀጭኔ፣ ጉማሬና ትልልቅ ኤሊዎች ይኖሩበታል።

ማደሪያ ሲመረጥ የከተማዋ አቀማመጥ ወሳኝ ነው። ሞምባሳ ደሴት ናት። በሰሜን የኒያሊ ድልድይ ወደ ኒያሊና ባምቡሪ ያሻግራል፤ በምዕራብ በኩል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መንገድ አለ፤ በደቡብ ያለው የሊኮኒ ጀልባ ነው። ዲያኒ የሚባለው የደቡቡ ዳርቻ አሸዋው እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ጠዋትና ማታ በጀልባው ወረፋ መኪና ይቆማል፤ ወደ ፎርት ጂሰስ ደርሶ መመለስም ግማሽ ቀን ይበላል። ዲያኒን ለአምስት ሌሊት ያስቀምጡት፤ ለሁለት ሌሊት ኒያሊ ይሻላል። ለአጭር መንገድ ባጃጅ አለ፤ እዚያ ቱክቱክ ይባላል፤ ዋጋው ከመሳፈር በፊት ይነገር።

ጥቅሉን ከወኪል የሚገዛ ሰው ዋጋው ላይ «ለአንድ ሰው» የሚለውን ልብ ይበል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ሲጋሩ የሚከፍሉት ነው፤ ብቻውን የሚያድር ጭማሪ አለበት። «ቁርስን ይጨምራል» ማለት ምሳና እራት ከኪስ ነው። የአውሮፕላን ትኬት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል መጓጓዣና የመግቢያ ክፍያዎች ውስጡ መኖር አለመኖራቸው በጽሑፍ ይጠየቅ። ወደ መንግሥት ሙዚየሞችና ፓርኮች ለመግባት ብዙ ጊዜ በካርድ ወይም በስልክ እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ዶላር ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርትና ትኬት ይጠየቃል። የተቀደደ ወይም የተጻፈበት የዶላር ኖት ሞምባሳ ላይ መንዛሪው ሊመልሰው ይችላል።

ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። ኢትዮጵያዊ ለአጭር ጉብኝት ወደ ኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ኬንያ ግን ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመግቢያ ደንቧን ደጋግማ ስላሻሻለች፣ በኢንተርኔት የሚወሰደውን የመግቢያ ፈቃድ የሚመለከተውን ወቅታዊ ደንብ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ማየት ነው። ቢጫ ካርዱ ደግሞ ቀን አለው፤ የቢጫ ወባ ክትባት የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በጉዞው ዋዜማ የተከተበ ሰው ካርድ ይዞም ሊቆም ይችላል። አንዴ ከጸና ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ የሞምባሳ ትልቁ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ትንሹ አለ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ ሙቀቱ ግን 32 ዲግሪ የሚደርስበት ነው። ጎንደር በክረምት ዝናብ ውስጥ ስትሆን፣ በሐምሌና ነሐሴ፣ ሞምባሳ ለዘብ ያለች ናት፤ ነፋሱ ውኃውን ትንሽ ያናውጠዋል እንጂ። በጥምቀት ሰሞን ከጎንደር የሚነሣ ጉዞ አይታቀድ፤ የበረራ መቀመጫው በእንግዳ ይሞላል።

ጾም ለያዘ ሰው የስዋሂሊ ምግብ ያስደስታል። በኮኮናት ወተት የበሰለ ጥራጥሬ «ምባዚ»፣ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ፣ የካሳቫ ጥብስ ሁሉ ቅቤ የላቸውም፤ የዓሣውን ክርክር ለየንስሐ አባቱ እንተወው። ከቤት በሶ ወይም ቆሎ የሚይዝ በጨርቅ ከረጢት ይያዝ፤ ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው።

ወባ በባሕሩ ዳርቻ ዓመቱን ሙሉ አለ። መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው ከመነሣት በፊት ስለሆነ ሐኪም ቀደም ብሎ ይጠየቅ፤ ማታ ረጅም እጅጌና አጎበር ያስፈልጋል። በሽታው ከተነከሱ ከሳምንት በፊት አይታይም፤ ስለዚህ ጎንደር ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተነሣ፣ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው ሞምባሳ መሄድዎ ነው።