ስለ ኦዙ «አንድያ ልጅ» የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር ያሱጂሮ ኦዙ «አንድያ ልጅ» የተባለውን ፊልም የሠራው በፈረንጆቹ 1936 ነው። የመጀመሪያው ባለድምፅ የልብ ወለድ ፊልሙ ነው። ሺንሹ በተባለ የጃፓን ገጠር በሐር ፋብሪካ የምትሠራ ባል የሌላት እናት ልጇን ለማስተማር ያላትን ሁሉ ትሸጣለች። ከዓመታት በኋላ ቶኪዮ ድረስ ልትጠይቀው ስትሄድ ግን የማታ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ፣ ሚስትና ሕፃን ይዞ፣ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ ታገኘዋለች።

«ኦዙ ድምፅን ፈርቶ ዘገየ» ይባላል። አልፈራም። የካሜራ ባለሙያው ሂዴኦ ሞሃራ የራሱን የድምፅ መቅረጫ ዘዴ እየሠራ ስለነበር ኦዙ እሱን ሊጠብቅ ቃል ገብቶለት ነበር። ቃሉንም ጠበቀ፤ ፊልሙ በዚያው ዘዴ ተቀረጸ። ደግሞም በጃፓን ድምፅ አልባው ፊልም ቶሎ አልሞተም፤ አዳራሽ ውስጥ ሆነው ታሪኩን በቃላቸው የሚተርኩ ቤንሺ የሚባሉ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ሕዝቡም ይወዳቸው ነበር።

«ካሜራውን ዝቅ የሚያደርገው ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየውን ለማሳየት ነው» የሚለው በብዙዎች አፍ ይገኛል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ካሜራው ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ሰው ዓይን እንኳ ያነሰ ነው። ማንም በማይቀመጥበት ጎዳና ላይም ዝቅ ይላል።

«ካሜራውን አንቀሳቅሶ አያውቅም» የሚሉም አሉ፤ ድምፅ አልባ ፊልሞቹን ያየ ሰው ግን ይህን አይልም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «ምንም የማይፈጠርበት ፊልም ነው» መባሉ ነው። እናትና ልጅ ሌሊት በጨለማ ሲነጋገሩ ሚስቲቱ ሰምታ ታለቅሳለች። ኦዙ ፊቷ ላይ አይቆይም፤ ካሜራው ሰው በሌለበት የክፍሉ ጥግ ላይ ያርፍና እዚያው ይቆያል፣ ይቆያል። ሐዘኑ ቤቱን ሞልቶት ይታያችኋል። ልጁ እናቱን በጀርመንኛ የሚናገር ባለድምፅ ፊልም ሲያሳያት ደግሞ እንቅልፍ ያሸልባታል። ድምፅን ገና አሁን የጀመረ ሰው እንዲህ ያለ ትዕይንት መሥራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

«መልእክቱ የእናት ልፋት ከንቱ ነው የሚል ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የጎረቤት ልጅ ፈረስ ረግጦት ሲጎዳ መምህሩ እናቱን ሊያዝናናበት የያዘውን ገንዘብ ለተጎዳው ልጅ ችግረኛ እናት ይሰጣል፤ የእሱ እናት በዚህ ትኮራበታለች። አገሯ ተመልሳም ለሥራ ባልደረባዋ ልጇ ትልቅ ሰው መሆኑን ትነግራታለች። የምትዋሽ አይመስለኝም። ከዚያ ብቻዋን ወደ ጓሮ ወጥታ ትቀመጥና ታለቅሳለች፤ ኦዙ የሚያሳየን የመጨረሻ ነገር የተዘጋ በር ነው።