ሣር መንቀል ማለት ድንጋይ ማፍሰስ አይደለም

ስልኬ ሲጠራ ጥያቄውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። «ወንድሜ፣ የደጁን ሣር ነቅለህ ድንጋይ አፍስስልን። ስንት ትላለህ?» ላስ ቬጋስ ውስጥ በአትክልት ሥራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። ታክሲ የሚነዱ፣ ካዚኖ ውስጥ የሚሠሩ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ለፍተው ቤት የገዙ። ሁሉም ይህንኑ ይሉኛል፤ እኔም ያንኑ መልስ እደግማለሁ። ዛሬ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ደዋይ ልላክለት።

መጀመሪያ ለምን እንደሚነቀል እንግባባ። ይህ ከተማ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ይዘንብላታል። ከምንጠቀመው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ የሚመጣውም ከሌክ ሚድ ነው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከተሞላ ወዲህ እስከዚያ ድረስ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ የወረደው በ2022 የበጋ ወራት ነው። ከወንዙ ተካፋይ 7 ግዛቶች ደግሞ ትንሹ ድርሻ የኔቫዳ ነው። የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን ስሌት እንዲህ ይላል፤ አንድ ስኩዌር ፊት ሣር በዓመት 73 ጋሎን ውሃ ይጠጣል። በዚያው ቦታ ለበረሃ የሚስማማ ተክል በጠብታ ማጠጫ ቱቦ ቢጠጣ 18 ጋሎን ይበቃዋል። ደጃችሁ ላይ 500 ስኩዌር ፊት ሣር ካለ ልዩነቱ በዓመት 27,500 ጋሎን ነው። ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ሣሩ ይነቀል፤ በዚህ አልከራከርም። ክርክሬ በቦታው በሚተካው ላይ ነው። ደዋዮቼ የሚሉኝን አንድ በአንድ እያነሳሁ ልመልስ።

«ሣሩን ነቅሎ ድንጋይ ማፍሰስ ነው፤ በቃ።»

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ከስሙ ልጀምር። በእንግሊዝኛ «ዜሪስኬፕ» ይሉታል። ዴንቨር ውስጥ የውሃ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ስም ነው። «ደረቅ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሰው ግን «ዜሮስኬፕ» ብሎ ይሰማውና ዜሮ ተክል፣ ዜሮ ውሃ፣ ዜሮ ሥራ አድርጎ ይረዳዋል። ከቁጥሩ ዜሮ ጋር ምንም አይገናኝም።

ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል። ማታ መልሶ ይተፋዋል። የት? መስኮታችሁ ሥር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ከተማችን 120 ዲግሪ ፋራናይት ደርሳ የራሷን ሪከርድ ሰብራለች። እንዲህ ባለ ቀን ፊቱ ወደ ምዕራብ የዞረ፣ ደጁ ጠጠር ብቻ የሆነ ቤት ውስጥ ገብታችሁ እዩት። ኤሲው አያርፍም። ከውሃ ያተረፉትን ገንዘብ ለመብራት ይከፍላሉ።

ገንዘቡንም ቢሆን በድንጋይ አታገኙትም። የውሃ ባለሥልጣኑ ሣር ለሚነቅል ሰው የሚከፍለው ሪቤት ቅድመ ሁኔታ አለው። የተተከሉት ተክሎች ሲያድጉ ቢያንስ የቦታውን ግማሽ መሸፈን አለባቸው። ጠጠሩ የተፈቀደው አፈሩን ለማልበስ ነው። አገር ቤት ገበሬው ጉዝጓዝ የሚለው ማለት ነው፤ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ጉዝጓዝ ግን አትክልት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዛፉ ነገር ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ። ደጃቸው ላይ አሽ የሚባለው ትልቅ ዛፍ ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ የሳሎኑን መስኮት ሙሉ በሙሉ ያጠላላቸው ነበር። ቡናቸውን የሚያፈሉት እዚያ ጥላ ሥር ነው። ሌሎች ሠራተኞች መጡና ሣሩን የሚያጠጣውን ስፕሪንክለር ሁሉ ደፈኑት። ሣሩን ነቀሉት። ድንጋይ አፈሰሱበት። ዛፉን ማንም አልነካውም፤ ማንም ግን አላጠጣውም። በሁለተኛው በጋ ጫፉ ደረቀ። እኔ የተጠራሁት በሦስተኛው ነው። ግንዱን በጥፍሬ ስጭረው ውስጡ እንጨት ነው፤ አረንጓዴ የለውም። «ልጄ፣ ትንሽ ውሃ ብናጠጣው አይመለስም?» አሉኝ። የሚመለስ አልነበረም። ያሳለፈውን ዓመት ሁሉ የጠጣው የሣሩን ውሃ ነበር። ሥሩም የለመደው እዚያው ላይ ላዩን፣ ስፕሪንክለሩ የሚደርስበት አፈር ውስጥ መንሰራፋት ነው። ውሃው በአንድ ቀን ሲቋረጥበት የት ይሂድ?

ስለዚህ ሣር ስትነቅሉ መጀመሪያ የምታስቡት ዛፉን ይሁን። ለብቻው የጠብታ መስመር ይዘርጋለት። መስመሩ ግንዱ ሥር አይቀመጥ፤ ውሃ የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ከግንዱ ራቅ ብለው፣ የቅርንጫፉ ጥላ ጫፍ አካባቢና ከዚያም ወዲያ ነው። ቱቦውን እንደ ቀለበት ዙሪያውን አዙሩት። ዛፉ ሲያድግ ቀለበቱም ይሰፋል። በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ ከማጠጣት፣ አልፎ አልፎ ለረጅም ጊዜ ማጠጣት ይሻለዋል። ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ሥሩም ይከተለዋል። ዛፍ ከሌላችሁ ደግሞ ትከሉ፤ በተለይ በምዕራብ በኩል። ደጅን የሚያቀዘቅዘው ጥላ ነው።

«እሺ፣ ግን ቁልቋል ብቻ ነው የሚበቅለው።»

አይደለም። በየፓርኪንጉ ዳር ቆማችሁ እዩ። ያ ቁጥቋጦ ሁሉ የጥብስ ቅጠል ነው። ገበያ ሄዳችሁ በጥቂት ግንጥል የምትገዙት፣ እዚህ ያለ ብዙ ውሃ አጥር ይሆናል። የወፍ ቆሎ እዚህ ላንታና ይሉታል፤ በጋውን ሙሉ ያብባል። ሮማን፣ በለስና ወይን ሙቀቱን ይወዱታል። ጤና አዳም ሥር ከያዘ በኋላ ብዙ ውሃ አይጠይቅም፤ ለቡናችሁ ከደጅ ትቀጥፋላችሁ። የግራር ዘመዶች አሉ። ዴዘርት ዊሎው የሚባለው ዛፍ አበባው ያምራል። ፓሎ ቨርዴ በጸደይ ቢጫ ለብሶ ስታዩት አደይ አበባ ትዝ ይላችኋል። ቴክሳስ ሬንጀር አየሩ እርጥበት ሲይዝ በአንዴ ሐምራዊ ይሆናል። ቁልቋል የሚወድም ቁልቋል ይትከል።

«ውሃ የምቆጥበው ሻወር ቶሎ በመውጣት ነው።»

ይህን ስነግራቸው ብዙዎች አያምኑኝም። ላስ ቬጋስ ውስጥ ቤት ውስጥ የምትጠቀሙበት ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል። የሻወሩ፣ የመታጠቢያው፣ የሽንት ቤቱ ውሃ በፍሳሽ ቧንቧ ሄዶ ይጣራል። ከዚያ ላስ ቬጋስ ዋሽ በሚባለው ጅረት ተመልሶ ሌክ ሚድ ይገባል። ኔቫዳም በመለሰችው ልክ እንደገና መቅዳት ትችላለች። ሣር ላይ የፈሰሰው ግን አይመለስም። ፀሐይ ይወስደዋል። ጠፋ ማለት ያኔ ነው።

አንድ ወንድማችን ልጆቹን ሻወር ቤት በር ላይ ቆሞ ሰዓት ይይዝባቸው ነበር። ደጁ ላይ ደግሞ አንድ ስፕሪንክለር ተሰብሮ ውሃው በእግረኛ መንገዱ ላይ ሲፈስ ወራት አልፎታል። ስፕሪንክለሩ የሚከፈተው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ማንም አላየውም። ስለ ሻወሩ አልወቅሰውም፤ የሞቀውም ውሃ ገንዘብ ነው። ውሃው የሚያልቅበት በር ግን ሌላ ነው።

«ነቅዬ ስጨርስ ሪቤቱን አመለክታለሁ።»

እባካችሁ! ይህን ያላነበበ ዘመድ ካላችሁ ደውሉለት። መጀመሪያ ማመልከቻ ይገባል። ቀጥሎ ባለሙያ መጥቶ ሣሩን ያያል፣ ይለካል። ከዚያ ብቻ ነው የሚነቀለው። አንድ ባለ ታክሲ ደንበኛዬ የሠራተኛ ዋጋ ለመቆጠብ ብሎ፣ ከወንድሙ ጋር ሆኖ በሁለት ቀን 800 ስኩዌር ፊት ነቅሎ ጠበቀኝ። በኩራት ነበር ያሳየኝ። ያኔ ሪቤቱ በስኩዌር ፊት 3 ዶላር ነበር። 2,400 ዶላር ማለት ነው። አንድም ሳንቲም አላገኘም፤ የነበረውን ሣር ማንም አላየለትማ። ክፍያው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመኖሪያ ቤት እስከ 5 ዶላር ከፍ ብሏል። መጠኑ ስለሚቀያየር የዕለቱን ዋጋ ራሳችሁ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉን ግን አትሳቱ። ሣሩንም «ለማንኛውም ሊነቀል ነው» ብላችሁ ቀድማችሁ አታድርቁት።

«ውሃ ካቆምኩበት ሣሩ ራሱ ይሞታል።»

ፌስኩ የሚባለው ሊሞት ይችላል። ሰርዶ ግን አይሞትም። እዚህ ቤርሙዳ የሚሉት አገር ቤት ገበሬው የሚማረርበት ያው ሰርዶ ነው። ይደርቃል፣ ገለባ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ከመሬት በታች ተኝቶ ይጠብቃል። በሚቀጥለው በጋ በጠጠሩ መሃል፣ ልክ የጠብታው ውሃ በሚያርፍበት ቦታ ብቅ ይላል። ሰርዶ የሚገደለው በሞቃት ወራት፣ አረንጓዴ ሆኖ እያደገ ሳለ ነው፤ የአረም መድኃኒቱ እስከ ሥሩ የሚወርደው ያኔ ነው። አንዴ አይበቃም፤ እንደገና አጠጥቶ፣ ብቅ ሲል መድገም ያስፈልጋል። ይህም የባለሥልጣኑ ሰው አይቶ ከሄደ በኋላ መሆኑን አትርሱ።

የቀሩትን ባጭሩ ልበል።

«ከጠጠሩ ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፣ አረም እንዳይወጣ።» አይነጠፍ። አፈሩ ውሃና አየር ያጣል። ማንጠፍ ካለባችሁ ውሃ የሚያሳልፈውን ጨርቅ ይሁን።

«አንዴ ከተሠራ ሥራ የለውም።» አለው። የኛ ውሃ ጠጣር ነው፤ ጠብታ ማውጫዎቹ በኖራ ይደፈናሉ። ማጣሪያው ይታጠብ፣ በየወሩ እየዞራችሁ እዩት።

«በጋ ላይ እንትከል፣ ፀሐይ ይወዳሉ።» ያደገ ይወዳል፤ ሕፃን ተክል ይቃጠላል። ጥሩው ወቅት ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው። ከመትከላችሁ በፊት ጉድጓዱን ውሃ ሙሉት። ቆሞ ከቀረ ካሊቺ የሚሉት እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ንጣፍ ላይ ደርሳችኋል፤ መስበር ወይም ቦታ መቀየር ነው።

«ውሃውን የሚጨርሱት ካዚኖዎቹ ናቸው።» የሆቴል ክፍል ውሃም እንደ ቤታችሁ ውሃ ተጣርቶ ይመለሳል። የቤላጂዮ ፏፏቴም ከራሱ ጉድጓድ ነው የሚቀዳው።

«ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) አይፈቅድልኝም።» ዕቅዳችሁን አስገብታችሁ ማስፈቀድ አለባችሁ፤ የራሳችሁን ደጅ ድርቅ በሚችል ተክል መተካትን ግን ጨርሶ ሊከለክሉ አይችሉም። የኔቫዳ ሕግ ነው።

«መንግሥት በግድ ሊነቅልብን ነው።» ይህ ወሬ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ሕግ የመጣ ነው። ሕጉ ከ2026 ማብቂያ በኋላ ለጌጥ ብቻ የሚያገለግል ሣር በኮሎራዶ ውሃ እንዳይጠጣ ይከለክላል። የሚመለከተው አፓርታማን፣ የንግድ ቦታን፣ መሥሪያ ቤትንና ማኅበር የሚያስተዳድረውን የጋራ ቦታ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ውስጥ ያለውን ሣር አይነካም። ይልቅ ልብ በሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የላስ ቬጋስ ቫሊ የውሃ ድስትሪክት ከወቅቱ ገደብ በላይ ለሚጠቀም ቤት ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍላል።

አንድ ነገር ግን ይቀራል፤ እሱም እናቶች የሚሉኝ ነው። «ለምለም ሣር የሌለው ደጅ ደጅ አይመስለኝም።» ይህን እንደ ስህተት ቆጥሬ አላልፈውም። በዓል ሲመጣ ቄጠማ ጎዝጉዘን ያደግን ሰዎች ነን። ለዓይን የሚያሳርፍ አረንጓዴ መፈለጋቸው ይገባኛል። ልጆች የሚሯሯጡበት ከሆነ ጓሮ ላይ ትንሽ ሣር ይቆይ እላለሁ። የደጁን ሣር ግን ማንም አይቀመጥበትም። የሚረግጠው የሚያጭደው ሰው ብቻ ነው።

እኒያ አሽ ዛፋቸው የሞተባቸው እናት ደጅ ላይ ከድንጋዩ ግማሹን አንስተን በምዕራብ በኩል ዴዘርት ዊሎው ተከልንላቸው። ሥሩ የጥብስ ቅጠል፣ ጥግ ላይ ጤና አዳም። ሲተከል ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነበር። አሁን በአራተኛው ዓመት መስኮቱን ማጥላት ጀምሯል፤ ረከቦታቸውም ወደ ደጅ ተመልሷል።