ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም

ይህችን አባባል የምንሰማት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው «አልቻልኩም» ሲል ነው። ተማሪው «ጊዜ አጣሁ» ይላል፣ ሥራ ፈላጊው «ገንዘብ የለኝም» ይላል፣ ይሄኔ አጠገቡ ያለ ትልቅ ሰው ጣል ያደርጋታል። የምር ከፈለግክ መንገዱ አይጠፋም ነው ነገሩ።

«አይገድም» ከ«ግድ» ጋር ዘመድ ነው፤ አይቸግርም፣ አይጎድልም እንደማለት። እኔን የያዘችኝ ግን «አንጀት» ናት። በአማርኛ አንጀት የሆድ ዕቃ ብቻ አይደለም። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፣ የሚያሳዝን ልጅ አንጀት ይበላል፣ ደስ ሲለን ደግሞ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» እንላለን። ተቃራኒዋ «ከአንገት በላይ» ነው። አፍ ይናገራል፣ ፊት ያዝናል፣ ከአንገት በታች ግን ምንም የለም። ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ አባባሏም ከዚያ የወጣች ይመስለኛል።

እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እሑድ ለቅዳሴ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ፣ በሌላው ቀን ግን ጸሎቴ ቤት ውስጥና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። መቁጠሪያችን ምሥጢር የምንላቸው አምስት ክፍሎች አሉት፣ በእያንዳንዱ አሥር ጊዜ እመቤታችንን ሰላም እንላታለን። ሃምሳ ጊዜ ማለት ነው። «ያንኑ ቃል ሃምሳ ጊዜ ስትሉት ከአንገት በላይ አይሆንም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ይሆናል። ሦስተኛው ምሥጢር ላይ ስደርስ ሐሳቤ የቤት ኪራይ ላይ የሚገኝበት ቀን ብዙ ነው።

ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ እናት አሉ፣ የእኛው ምእመን ናቸው። ልጃቸው ተሰዶ ድምፁ ከጠፋ ቆየ። ከሰዓት በኋላ በራፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። መቁጠሪያው ጭናቸው ላይ ነው። አንድ ጠጠር ሲጥሉ አንድ ፍሬ ይገፋሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ «እማማ፣ ሲጸልዩ ያለቅሳሉ?» አልኳቸው።

«ድሮ ነበር ልጄ። አሁንማ አይመጣም። ስሙን እጠራና አንድ ፍሬ እገፋለሁ፣ ደግሞ አንድ ፍሬ።»

ዓይናቸው ደረቅ ነው። ግን ያ ጸሎት ከአንገት በላይ ነው የሚል ሰው ካለ አጠገባቸው ይቀመጥና ይስማ። እንባ ሲደርቅም አንጀት ማልቀሱን አይተውም፣ እኔ ይህን ያወቅኩት ከእሳቸው ነው።

ቅድስት ሞኒካን አነሳሁላቸው። በኋላ ራሱም ቅዱስ የተባለው ልጇ አውግስጢኖስ፣ ማኒ የሚባል የፋርስ ሰው የመሠረተውን ሃይማኖት ተከትሎ ከእምነቷ ሲርቅባት፣ አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳ ልጄን ያነጋግሩልኝ ብላ ለመነች። እምቢ አሏት። እያለቀሰች አልለቅም ስትላቸው ግን «ሂጂ፣ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ ሊጠፋ አይችልም» አሏት። ይህን «ኑዛዜ» በሚለው መጽሐፉ የጻፈው ልጇ ራሱ ነው። በ387 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ከተማ በቅዱስ አምብሮስ እጅ ተጠመቀ፣ እሷም ይህን አይታ በዚያው ዓመት አረፈች። የጳጳሱ ቃልና የእኛ አባባል አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ። ሁለቱም እንባው ከንቱ አይቀርም ይላሉ፣ መቼ እንደሚሆን ግን አይናገሩም።

«ስንት ዓመት ጠበቀች?» አሉኝ እማማ።

«ከአሥር ዓመት በላይ» አልኳቸው።

ሰፌዱን ነቅነቅ አድርገው ወደ ምስሩ ተመለሱ። ከንፈራቸው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።