ኤምአርኤንኤ በሚያድግ የነርቭ ሴል ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

የነርቭ ሴል ረጅሙ ክፍል አክሶን ይባላል። በአዋቂ ሰው ከታችኛው ጀርባ እስከ እግር የሚወርደው 1 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ዋናው ዲኤንኤ ግን ያለው ከወዲያኛው ጫፍ፣ ኒውክለሱ ውስጥ ነው።

ፅንስ ውስጥ አክሶን መንገዱን እየፈለገ ነው የሚያድገው። ጫፉ ኬሚካላዊ ምልክት ሲያገኝ ቶሎ መታጠፍ አለበት። አዲስ ፕሮቲን ከዋናው የሴል አካል እስኪመጣ ቢጠብቅ ይዘገያል። ስለዚህ ሴሉ የፕሮቲኑን መሥሪያ መመሪያ፣ ማለትም ከዲኤንኤው የተቀዳውን ኤምአርኤንኤ፣ አስቀድሞ ወደ ጫፉ ይልካል።

በደንብ የተጠናው የቤታ አክቲን ኤምአርኤንኤ ነው። አክቲን ለጫፉ ቅርጽና እንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ፕሮቲን ነው። በዚህ ኤምአርኤንኤ መጨረሻ አካባቢ 54 ኑክሊዮታይድ (የኤምአርኤንኤ ‘ፊደል’) የሚረዝም ክፍል አለ። ተመራማሪዎች ዚፕ ኮድ ይሉታል፤ መድረሻውን የሚወስነው እሱ ነውና። ዜድቢፒ1 የተባለ ፕሮቲን እዚህ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተጠቅልለው ትንሽ እሽግ ይሆናሉ። እንደ ኪኔሲን ያሉ ሞተር ፕሮቲኖች እሽጎቹን በማይክሮቲዩቡል፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ እንደ ሐዲድ በሚያገለግሉ ቀጭን ቱቦዎች ላይ ይጎትታሉ። ጉዞው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ይቆማሉ፣ ወደ ኋላም ይመለሳሉ።

ለእኔ የሚገርመው ዝምታው ነው። ዜድቢፒ1 አጓጓዥ ብቻ ሳይሆን ቆላፊም ነው፤ ኤምአርኤንኤው መንገድ ላይ እንዳይተረጎም፣ ማለትም ፕሮቲን እንዳይሠራበት ይይዘዋል። በ2005 እንደታየው፣ መድረሻው ላይ ሰርክ የተባለ ኤንዛይም ዜድቢፒ1 ላይ ፎስፌት ሲጨምር ቁልፉ ይከፈታል። ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞችም ሥራ ይጀምራሉ።

ጫፉ ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ያሳየው የእንቁራሪት የዓይን ነርቭ ነው። ከሴል አካሉ ተቆርጦ የቀረ አክሶን እንኳ ኔትሪን ወደሚባለው ምልክት ታጥፏል። ፕሮቲን መሥራት ሲከለከል ግን መታጠፉ ቀረ። በ2006 ደግሞ አክቲን በብዛት የሚሠራው ምልክቱ በመጣበት ጎን እንደሆነ ታየ።

ቢሆንም ሁሉንም ነገር ለቤታ አክቲን መስጠት አይገባም። ወደ አክሶን የሚላኩት ኤምአርኤንኤዎች ብዙ ዓይነት ናቸው።

ሥርዓቱ ከበሽታ ጋርም ይያያዛል። ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ የተባለው የጡንቻ መድከም በሽታ የሚመጣው ኤስኤምኤን የሚባል ፕሮቲን ሲያንስ ነው። ፕሮቲኑ ብዙ ሥራ ስላለው ጥፋቱን በአንዱ ላይ ብቻ መደፍደፍ ያስቸግራል። ግን በሽታው ካለባቸው አይጦች በተወሰዱ የሞተር (ጡንቻ የሚያዙ) ነርቭ ሴሎች ላይ አክሶኑ አጥሮ፣ ጫፉ ላይ ያለው የቤታ አክቲን ኤምአርኤንኤም አንሶ ተገኝቷል።