ጦስኝን ከዘር ማብቀል፦ ሐዋሳ ላይ ይሆናል?

ጦስኝ የብርድ ልጅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ግድም ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር በሚደርስ ተራራ ላይ፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ ከድንጋይ ሥር ተለጥፎ ይኖራል። ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ቀን ይሞቃል፣ ሐይቁ ዳር ሲሆን ወበቁም አለ። ስለዚህ እዚህ ጦስኝ ማብቀል ባሌን ግማሽ ጄሪካን ውስጥ ለማስገባት እንደመሞከር ነው። ግን ይሆናል።

በሳይንሱ ሁለት ዝርያ አለው፦ ቲመስ ሺምፐሪ እና ቲመስ ሴሩላተስ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ብርቅዬ ተደርገው ይቆጠራሉ። ሺምፐሪ የሚለው ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን ኖሮ ዕፅዋት ሲሰበስብ ከነበረው ጀርመናዊ ከቪልሄልም ሺምፐር የመጣ ነው። ከሻሸመኔ በዶዶላ አድርጋችሁ ወደ ባሌ ስትወጡ ዲንሾ አካባቢ ሜዳው ላይ ታገኙታላችሁ። በመንዝና በጣርማ በር በኩልም አለ።

ጥቅሙን የማያውቅ የለም። ለሳልና ለጉንፋን በሻይ ይፈላል፣ ለሽሮና ለበርበሬ ይገባል። ያ የሚሰነፍጥ ሽታው በዋናነት ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ሁለት ነገሮች ነው። ለደም ግፊትም ይባላል፤ ይሁን እንጂ ሐኪም ሳይጠይቁ ክኒኑን ትቶ ቅጠሉን መያዝ ሞኝነት ነው።

ገበያ ላይ የሚመጣው አብዛኛው ከዱር የተለቀመ ነው፤ አንዳንዱ ከነሥሩ ተነቅሎ ይመጣል። የተነቀለው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ሐዋሳ አጠገብ ያለው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራው እንዲህ ያለውን ነገር ከጓሮ ለማስገኘት ጭምር ነው።

ዘሩን ከየት? ቅመም ከሚሸጡት ሴቶች ከገዛችሁት ከዚያው ደረቅ ጦስኝ። አበባ ያለበትን ምረጡ። ጭንቅላቱን ነጭ ወረቀት ላይ በጣት አሹት። እያንዳንዷ የአበባ ከረጢት አፏ ላይ ጸጉር አላት፣ ከሥሩ እስከ አራት ፍሬ ትይዛለች። ገለባውን ቀስ ብላችሁ እፍ ስትሉ ቡናማ ነጠብጣብ የምታክል ነገር ትቀራለች፤ ያቺ ናት። ያረጀ ወይም ሳይበስል የተቆረጠ ስለሚኖር ሁሉም አይበቅልም። መጀመሪያ እርጥብ ሶፍት ላይ ቁንጥር አድርጋችሁ ሞክሩ።

የምትዘሩት ከባዱ ዝናብ ሲያልፍ ቢሆን ይሻላል፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ። ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተነፋ አፈር። ፍግ አትጨምሩ፣ ጦስኝ ድሃ መሬት ነው የሚወደው። በዙሪያችን የሞላው ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ተሰባብሮ ቢደባለቅበት ደግሞ ምንም አይወጣለትም። ዘሩን ከላይ በትኑት እንጂ አትቅበሩት፣ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። በእጅ መዳፍ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል።

የኔ የመጀመሪያው መደብ በሦስት ቀን ነው ያለቀው። ችግኞቹ ከወጡ በኋላ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ፣ አሳዝነውኝ። አንገታቸው ጠቆረ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ተኙ። ውሃው ነው የገደላቸው። አሁን የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስቼ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ነው የምረጨው። ወይም የዘራሁበትን ግማሽ ጄሪካን ትሪ ውሃ ላይ አስቀምጬ ከታች እንዲጠጣ አደርገዋለሁ።

እውነተኛ ቅጠሉ አራት አምስት ሲሆን በ25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይተከላል። የጠዋት ፀሐይ ይግባው። ከሰዓት በኋላ ያለው የሐዋሳ ፀሐይ ግን ስለሚያቃጥለው ግድግዳ ጥላ ይድረሰው። ታገሡት፣ መጀመሪያ ላይ እድገቱ ያናድዳል። ለቅጠል ስትቆርጡ ለስላሳውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ወደ ደረቁ እንጨት ከወረዳችሁ አያቆጠቁጥም።

ከአንድ ግማሽ ጄሪካን የማገኘው ለቤቱ ሻይ ይበቃል። ለበርበሬ አሁንም ገበያ እወጣለሁ።